ከቆቦ እስከ ጥቁር አንበሳ፦ የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራና ሕክምና በቅደም ተከተል

ይህ መመሪያ የተጻፈው 50 ዓመት ለሞላቸው ወንዶችና ሌሊት ሌሊት ለሽንት የሚመላለሱ አባት ላሏቸው ልጆች ነው። በተለይ ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ ዋጃ ወይም ወደ ዞብል አቅጣጫ ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖሩ። የሕክምናው ሐሳብ አዲስ አበባ ካለው አይለይም፤ የሚለየው መንገዱ ነው። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከወልድያ ደሴ 120 ግድም፣ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ላይ የሚጎዳው ያልተመረመረ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጀምሮ መሐል ላይ ያቋረጠም ይጎዳል። ደም ሰጥቶ ውጤቱን ያልወሰደ፣ ናሙና ተወስዶለት ወረቀቱ የጠፋበት፣ አንድ መርፌ ተወግቶ ሁለተኛው የቀረበት አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ ከመጀመርዎ በፊት መልሱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉበት ይወስኑ።

1. ለነገ የማይባለውን ይለዩ

ሁለት ነገሮች ገበያም ወረፋም አይጠብቁም።

የመጀመሪያው ሽንት ጨርሶ አልወርድ ብሎ ከእምብርት በታች መወጠር ነው። በዚያው ሰዓት ወደ ቆቦ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሽንቱ በቱቦ ይወጣል፤ እፎይታውም ወዲያው ነው። «ይግፋው» ብሎ ውሃ ወይም ጠላ መጨመር የተዘጋ ቦታ ላይ ጭነት መጨመር ነው። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ከፋርማሲ የሚገዛቸው አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ሽንት ሊይዙ ይችላሉ። ጫትም የሽንትን አወራረድ እንደሚያዘገይ በጥናት ታይቷል፤ ሽንት የሚያስቸግራቸው ሰዎች ከበርጫ በኋላ ሲብስባቸው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የጀርባ ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሲዝል፣ ሲደነዝዝ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። ካንሰር አከርካሪ ላይ ደርሶ ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። አንድ ሌሊት ማሳደር ዳግመኛ ላለመራመድ ሊያበቃ ይችላልና በዚያው ሌሊት መኪና ይፈልጉ።

ደም የቀላቀለ ሽንት ደግሞ በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። ጠጠር፣ ኢንፌክሽን ወይም የፊኛ ችግር ሊሆን ይችላል። ወደ አዋሽ ሸለቆ ለሥራ ወርደው ከነበረ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የሽንት ቢልሃርዝያ እዚያ ስለሚገኝ ምርመራው ከዚያ ሊጀምር ይችላል።

2. እብጠቱንና ካንሰሩን አያምታቱ

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች፣ የሽንት ቱቦውን ዙሪያውን የከበበች ዕጢ ናት። ወንድ ሲያረጅ ታብጣለች፤ ቱቦውንም ታጠብባለች። ሽንት ይቆራረጣል፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሌሊት ያመላልሳል። ይህ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቱቦው ራቅ ካለው የዕጢዋ ጠርዝ ስለሆነ ሲጀምር ምንም ምልክት አይሰጥም። ስለዚህ ሌሊት አራት ጊዜ የሚነሳው ሰው ካንሰር ላይኖርበት ይችላል፤ እንደ ወጣት የሚሸናው ደግሞ ሊኖርበት ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይም ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ሽንት ባስቸገረ ቁጥር ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቶ መዋጥ። ያበጠ ዕጢ በፀረ ተሕዋስያን አይሟሽሽም። ከዚህም በላይ ነገ ናሙና ሲወሰድ ኢንፌክሽን እንዳይነሳ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይኸው ሲፕሮ ነው። ተሕዋስያኑ ለምደውት ከቆዩ መከላከያው አይሠራም።

ሐኪም ዘንድ ከመቅረብዎ በፊት ለሦስት ቀን ሌሊት ስንቴ እንደተነሱ በወረቀት ይያዙ። «ብዙ ጊዜ» ከሚለው መልስ ቁጥሩ ይሻላል።

3. ስጋትዎን ይመዝኑ

ዕድሜ ዋናው ነው። ከ50 በታች ብርቅ ነው፣ ከ65 በኋላ ይበዛል። ቀጥሎ ዘር ይመጣል። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ስጋቱ በእጥፍ ግድም ይጨምራል። በእናትም ሆነ በአባት በኩል የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር በቤተሰቡ የተደጋገመበት ሰውም ይህንን ሳይደብቅ ይናገር፤ አንዳንዱ የዘር ለውጥ እነዚህንም የፕሮስቴት ካንሰርንም ያመጣልና። በአሜሪካ፣ በካሪቢያንና በእንግሊዝ የሚኖሩ ጥቁር ወንዶች ከሌላው በበለጠ እንደሚያዙ በደንብ ታይቷል። በእንግሊዝ ከስምንት ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ካንሰር ሲገኝበት፣ ከጥቁር ወንዶች ግን ከአራት አንዱ ነው።

የጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት፣ በምች ወይም በፆታ ግንኙነት ብዛት አይመጣም። ይህን የምናገረው ሐሜቱን ፈርተው ሕመማቸውን የሚደብቁ ሽማግሌዎች ስላሉ ነው።

አባትዎ በምን እንደሞቱ ካላወቁ ታላላቆችን ይጠይቁ። «ሽንት ይዞት»፣ «ወገቡን ሲለው ኖሮ» የሚል መልስ ካገኙ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ማስረጃ ባይሆንም ፍንጭ ነው።

4. ምልክት ሳይኖር መመርመር ይገባል?

ለዚህ ሁሉም የሚስማማበት መልስ የለም። ከፕሮስቴት የሚወጣ ፕሮቲንን የሚለካው የፒ ኤስ ኤ የደም ምርመራ ካንሰሩን ቀድሞ በማግኘት ያተረፋቸው ሰዎች አሉ። በሌላ በኩል ዕድሜ ልክ ቢቀመጥ የማይጎዳ ካንሰር አግኝቶ ለማያስፈልግ ሕክምና ይዳርጋል። ስለዚህ የብዙ አገር መመሪያዎች «አስገድዳችሁ መርምሩ» ሳይሆን «ተነጋግራችሁ ወስኑ» ይላሉ። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ውይይቱ በ50 ዓመት እንዲጀመር፣ አባቱ ወይም ወንድሙ ከ65 ዓመቱ በፊት ለታመመበትና ለአፍሪካ አሜሪካውያን ግን በ45፣ ከአንድ በላይ የቅርብ ዘመድ በለጋ ዕድሜ ለታመመበት በ40 ይመክራል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ከ50 እስከ 69 ያሉ፣ ጤናቸው ደኅና የሆነና ውጤቱ ከፍ ቢል እስከ ደሴ ለመሄድ የቆረጡ ሰዎች ይመርመሩ። ከ70 ያለፉ፣ በተለይም ልብ፣ ሳንባ ወይም ኩላሊት የሚያስቸግራቸው፣ ምልክት ከሌላቸው ይተዉት። የ80 ዓመት አባትን ዝም ብሎ «ቼክ አፕ» ብሎ መውሰድ ፍቅር ቢመስልም ጭንቀት ይዞ መመለስ ነው። ምልክት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዕድሜ አይከለክልም።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያው መታደሱን ያረጋግጡ፤ ጉዞውንም ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ከታች ወደ ላይ በሪፈር ወረቀት ካልሄዱ ወጪው በራስዎ ላይ ይወድቃል። በቀጥታ ደሴ ሄዶ «መድን አለኝ» ማለት አያዋጣም።

5. ደሙን በትክክለኛው ጊዜ ይስጡ

ለፒ ኤስ ኤ ባዶ ሆድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጊዜ መምረጥ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ከግንኙነት ይታቀቡ፤ ብስክሌትም አይንዱ። የሽንት ኢንፌክሽን ከነበረ፣ ሽንት ይዞዎት ከነበረ ወይም ቱቦ ገብቶልዎ ከነበረ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆዩ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ በከንቱ ይወጣና እንቅልፍ ይነሳዎታል። ፊናስቴራይድ የሚባለውን የፕሮስቴት ማሳነሻ የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ። ይህ መድኃኒት ከወራት በኋላ ቁጥሩን በግማሽ ግድም ስለሚቀንሰው 3 የሚለው ወረቀት 6 ማለት ሊሆን ይችላል። ታምሱሎሲን የሚባለው ሌላ መድኃኒት ግን ቁጥሩን አይነካም፤ ሽንቱን ብቻ ያቀላል። ከተቀመጡበት ሲነሱ ሊያዞርዎ ስለሚችል ሲተኙ ይውሰዱት።

ምርመራው በየጤና ተቋሙ ሁልጊዜ አይገኝም፤ የሚሠራበት ኬሚካል አልቆ ሊሆን ይችላል። ወልድያ ወይም ደሴ ለመሄድ ከመሳፈርዎ በፊት ስልክ ደውለው «ዛሬ ይሠራል? ውጤቱስ መቼ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ።

6. ቁጥሩ ከፍ ቢል

በሚሊ ሊትር ከ4 ናኖግራም በታች ብዙ ጊዜ ደኅና ይባላል፤ ዋስትና ግን አይደለም። ከ4 እስከ 10 ከሆነ በውጭ አገር ጥናቶች ከአራት ሰው አንዱ ላይ ካንሰር ይገኛል፤ ሦስቱ ላይ የለም። ከ10 በላይ ሲሆን ካንሰር የሚገኝባቸው ከግማሽ ይበልጣሉ። በመቶዎች የሚቆጠር ቁጥር ከሆነ ካንሰሩ ወደ አጥንት መሄዱ አይቀርም ማለት ይቻላል።

ቁጥሩ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው ላቦራቶሪ ይድገሙት። ላቦራቶሪ መቀያየር ቁጥሩን ለማወዳደር ያስቸግራል።

ከዚያ የጣት ምርመራ አለ። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል ዕጢዋን ይዳስሳል፤ ከደቂቃ በታች ነው። እብጠቱ ልስልስ ነው ወይስ ጠጣር ጉብታ አለው የሚለው በጣት ይለያል። ሴት ሐኪም ከሆነችና ከከበደዎት ወንድ ሐኪም እንዲመደብልዎ መጠየቅ ነውር የለውም። ነውር ሆኖ የሚጎዳው ምርመራውን ትቶ መውጣት ነው።

ምልክት የሌለው ሰው ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ማሽላውን ማሳ ላይ ጥሎ መሄድ አያስፈልገውም። ጥቂት ሳምንታት ለዚህ በሽታ ብዙ አይደሉም፤ አዝመራዎን አስገብተው መሄድ ይችላሉ። ቀኑን ግን ከሐኪሙ ጋር ቆርጠው ይያዙ፤ «ከመኸር በኋላ» ማለት ብቻውን ቀጠሮ አይሆንም።

7. ናሙና መስጠት

ካንሰር መኖሩን የሚያረጋግጠው ከዕጢዋ የሚወሰድ ናሙና ነው። ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ እየታየ ከ10 እስከ 12 ቀጫጭን ቁርጥራጮች በመርፌ ይወሰዳሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ቀደም ብለው ይናገሩ።

በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍረው አይመለሱ። ናሙና በተወሰደበት ከተማ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያድሩ። ጥቂት ደም በሽንትና በሰገራ ለቀናት፣ በዘር ፈሳሽ ደግሞ ለሳምንታት ቢታይ አያስደንግጥ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ሽንት መያዝ ከመጣ ግን ወዲያው ሆስፒታል ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ ይገድላል፤ በጉዞ ላይ ሆኖ የሚረዳዎት የለም።

አንዳንድ ቦታ ናሙናውን በብልቃጥ አድርገው ለቤተሰብ ይሰጡና «ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ አድርሱ» ይላሉ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ፎርማሊን ነው። «ይሸታል» ብለው አይድፉት፣ በውሃ ወይም በአረቄ አይተኩት፤ ናሙናው ይበሰብስና ሁሉም ከንቱ ይሆናል። ስምና ዕድሜ መጻፉን አይተው ይረከቡ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ሌላም አለ። ሽንት ስለያዘው ብቻ ዕጢው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ሥጋው ለፓቶሎጂ መላኩን ይጠይቅ። ሳይላክ ከቀረ ተደብቆ የነበረ ካንሰር ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ደግሞም በዚህ ቀዶ ሕክምና ውስጡ እንጂ ጠርዙ አይወጣም፤ «ፕሮስቴቴ ወጥቷል፣ ካንሰር አይነካኝም» ማለት ልክ አይደለም።

8. ወረቀቱን ማንበብ

ውጤቱ ላይ «ግሊሰን» የሚል ቃልና ሁለት ተደማሪ ቁጥሮች ያገኛሉ፤ ለምሳሌ 3+4=7። ድምሩ ከ6 እስከ 10 ነው። 6 ቀስ ብሎ የሚሄደው ነው፣ 7 መካከለኛ፣ ከ8 እስከ 10 ኃይለኛ። አንዳንድ ወረቀት በዚህ ፈንታ ከ1 እስከ 5 ይመድባል። ከዚያ ካንሰሩ ከዕጢዋ ወጥቶ እንደሆነ በሲቲ ስካን፣ በኤም አር አይ፣ በአጥንት ምርመራ ወይም ቢያንስ በራጅና በደም ይታያል። ሁሉም ሰው ሁሉም ምርመራ አያስፈልገውም፤ ግሊሰን 6 ሆኖ ፒ ኤስ ኤው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው አጥንቱን ማስቃኘት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሐኪሙን ጎትቶ «እባክዎ ለእሱ አይንገሩት» ይላል። ከርኅራኄ ቢመጣም እዚህ በሽታ ላይ ይጎዳል። ቀጥሎ የሚመረጠው ሕክምና ወንድነትን፣ ትዳርን፣ ሽንትንና የቤት ገንዘብን የሚነካ ነው። ታማሚው ራሱ ሳያውቅ ልጆቹ ሊወስኑለት አይገባም። አንድ ታማኝ ሰው ይዘው አብራችሁ ስሙ።

9. ሕክምናውን ከርቀቱ ጋር አስማምተው ይምረጡ

*ቀስ ያለውና ከዕጢዋ ያልወጣው።* እዚህ ላይ ወዲያው አለመነካት ራሱ ሕክምና ነው፤ ክትትል ይባላል። በእንግሊዝ በደም ምርመራ ካንሰራቸው የተገኘ 1,643 ወንዶች በዕጣ ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምናና ለጨረር ተመድበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ከ15 ዓመት ግድም በኋላ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት 45 ብቻ ነበሩ፤ በሦስቱ ቡድኖች መካከልም የጎላ ልዩነት አልታየም። ግን ክትትል ማለት መርሳት አይደለም። በየ6 ወሩ ፒ ኤስ ኤ፣ በየዓመቱ የጣት ምርመራ፣ ሐኪሙ ባለው ጊዜም ናሙና መድገም ይጠይቃል። ይህን ለመፈጸም ቃል መግባት የማይችሉ ከሆነ ክትትልን አይምረጡ።

*መካከለኛና ኃይለኛ ሆኖ ገና ያልተሰራጨው።* ሁለት መንገድ አለ፤ ዕጢዋን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ወይም ጨረር። ቀዶ ሕክምናው የኡሮሎጂ ሐኪም ይፈልጋል። ሽንት ማምለጥና የብልት አለመቆም ሊያስከትል ይችላል፤ የመጀመሪያው በብዙዎች ላይ በወራት ይሻላል፣ ሁለተኛው ሊቆይ ይችላል። ጨረር በሳምንት አምስት ቀን፣ እንደ አሰጣጡ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል፤ ኃይለኛ ለሆነው ከሆርሞን ሕክምና ጋር ይጣመራል። አዲስ አበባ ያለው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወረፋ ረጅም ሊሆን ስለሚችል እንደ ጅማ ያሉ ሌሎች ማዕከላት ወረፋቸው ያጥር እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ወረፋ እየጠበቁ ሆርሞን መጀመር ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ፤ ለብዙዎች ይቻላል። ማረፊያ ሳያገኙ ጨረር አይጀምሩ፤ መሐል ላይ ማቋረጥ ያሳደዱትን ካንሰር መልሶ መተው ነው። ዘመድ ከሌለዎት በሆስፒታሉ ያለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል እና እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶችን ስለ ማረፊያ ይጠይቁ።

*አጥንት ላይ የደረሰው።* ከእኛ አካባቢ ዘግይተው የሚሄዱት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይደርሳሉ። አይድንም፤ ግን ለዓመታት ሊገታ ይችላል። ካንሰሩ የሚመገበው የወንድ ሆርሞን ስለሆነ ሕክምናው ይህን ሆርሞን ማቋረጥ ነው። በሁለት መንገድ ይሆናል።

አንደኛው መርፌ ነው። እንደ ጎሰረሊን ያለው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይወጋል፤ ዕድሜ ልክ። መጀመሪያ ሲወጋ ሆርሞኑ ለአጭር ጊዜ ስለሚጨምር ከእሱ በፊት ወይም ከእሱ ጋር ለጥቂት ሳምንታት ባይካሉታማይድ የሚባል ክኒን ይሰጣል። አጥንቱ ላይ ሕመም ላለበት ሰው ይህን ክኒን መዝለል አደጋ አለው። ሌላ የአካባቢያችን፣ የራያ ቆላ፣ ችግርም አለ። ጎሰረሊን ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም። ከአዲስ አበባ በፌስታል ገዝቶ በአውቶቡስ ማምጣትና ቆቦ ሙቀት ውስጥ ማስቀመጥ የተገዛውን ገንዘብ ማበላሸት ነው። መርፌው በሚሰጥበት ከተማ ገዝተው እዚያው ይወጉ። ዋጋውን በከነማና በቀይ መስቀል ፋርማሲዎች አስቀድመው ያወዳድሩ።

ሁለተኛው የዘር ፍሬዎችን በቀላል ቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ይህ ሲነሳ ብዙ ወንድ ቀና ብሎ መስማት ያቅተዋል፤ ይገባኛል። ግን እውነቱን እንናገር። በሰውነት ላይ መርፌውም ቀዶ ሕክምናውም የሚያመጡት አንድ ነው፤ ላብና ሙቀት ሽው ማለት፣ የፍላጎት መቀነስ፣ የጡንቻ መሳሳት። ድምፅ አይቀጥንም፤ ቆዳው ስለሚቀር ከውጭ ብዙም አይታወቅም። ልዩነቱ መርፌው ሲቆም ሆርሞኑ ሊመለስ መቻሉ ነው። ዕድሜ ልክ መርፌ ለሚያስፈልገውና በየሦስት ወሩ ደሴ መመላለስ ለማይችል ገበሬ፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቀው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መርፌ ጀምሮ አንዱን ዙር መዝለል ካንሰሩን መልሶ መመገብ ነው። ሚስትዎን ሳያማክሩ ግን አይወስኑ።

አቅም ካለ ሐኪሙ እንደ ዶሴታክሰል ያለ ኬሞ ወይም እንደ አቢራተሮን ያለ ክኒን ሊጨምር ይችላል፤ ዕድሜ ያራዝማሉ። አቢራተሮን ከምግብ ጋር ያለው ጉዳይ ጥብቅ ስለሆነ ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ሲገባ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ። ጠበል መጠመቅና ዱዓ ማስደረግ መድኃኒት እስካላስጣለ ድረስ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። በሐበሻ መድኃኒት ስም የሚጠጣ ያልታወቀ ሥር ግን ኩላሊትና ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ ከወሰዱ ለሐኪሙ አይደብቁ።

አጥንቱ ለሚያመው ሰው አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ሕመሙን ለማስታገስ የብዙ ቀኑን ያህል ይሠራል። «ለሳምንታት መቀመጥ አልችልም» ብለው ከመተውዎ በፊት «በአንድ ቀን የሚሰጠው ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ለጠና ሕመም ሞርፊን የሞት መድኃኒት አይደለም፤ በሐኪም መጠን ሲወሰድ ሰውን እንቅልፍ ያስተኛል፣ ቤተሰቡ መሐል ያስቀምጠዋል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይጠይቁ።

10. ከሕክምናው በኋላ

ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ፒ ኤስ ኤ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ ከጨረር በኋላ ግን ቀስ ብሎ በወራት ነው የሚወርደው። በየ3 እስከ 6 ወሩ እዚያው ላቦራቶሪ ይለኩ። ቁጥሩንና ቀኑን በአንድ ደብተር፣ ከላይ ወደ ታች በተርታ ይጻፉ። አንድ ቁጥር ብቻውን ከሚናገረው ይልቅ ተከታትሎ መውጣቱ ይበልጥ ይናገራል። ሆርሞን ላይ ያሉ አጥንታቸው ስለሚሳሳ በየቀኑ ይራመዱ፣ ሲጋራ ያቁሙ፤ ከወደቁ ራጅ ይነሱ።

ሽንት ማውጫ ቱቦ ይዘው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ከሆነ ቱቦው በወር ግድም መቀየር አለበት፤ ጤና ጣቢያ ይቀይሩልዎታል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይንጠልጠል።

የፓቶሎጂ ወረቀቱን፣ የራጅ ንባቡንና የፒ ኤስ ኤ ደብተሩን ሁሉ ፎቶ አንስተው ለሁለት ልጆችዎ ስልክ ይላኩ። ወንድ ልጆችዎ 45 ሲሞላቸው፣ ወንድሞችዎም አሁኑኑ፣ ያንን ፎቶ ይዘው ሐኪም ያነጋግሩ።